ስለ ድንጋይ ከሰል ጢስና ስለ ሙገር የኖራ ድንጋይ የተጻፈ አጭር ታሪክ



ለትምህርት ቤታችን የልደት በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ጓደኞቻችን ሁሉ ስለ አምቦ ፍል ውኃ ወይም ስለ ቀድሞ ጦርነቶች የምንጽፍ መስሏቸው ነበር። እኛ ግን የጢስን ታሪክ መረጥን። «ጢስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? በኖ የሚጠፋ ነገር አይደለምን?» ያለን ሰው አልታጣም። በኖ የማይጠፋ መሆኑን ለማስረዳት ነው ይህን ያህል ገጽ የያዝነው።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። በክፍላችን ከጉደር፥ ከጊንጪ፥ ከጌዶና ከእንጪኒ የመጡ ልጆች አሉ። ከእንጪኒ በኩል የመጣው ጓደኛችን፥ ወደ ሙገር የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ጥቁር ድንጋይ ጭነው እንደሚያይ ሲነግረን፥ አንዱ «ከሰል ነዋ!» አለ። ሌላው ደግሞ «ከሰል ከሆነማ እናቴም በየቀኑ ቡና ታፈላበታለች፥ ምን ያስደንቃል?» ብሎ መለሰ። ስማቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ ሁለቱ ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። እናቶቻችን የሚያነዱት ከሰል ትናንት ከቆመ ዛፍ የተከሰለ እንጨት ነው፤ በውስጡ የሚገኘው ድኝ ከምንም አይቈጠርም። (በተዘጋ ቤት ቢነድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው ሽታ የሌለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ ይህ ሌላ ነገር ቢሆንም ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም።) የድንጋይ ከሰል ግን ብዙ ሚሊዮን ዓመት ከመሬት በታች ተጭኖ የኖረ የጥንት ዕፅዋት ቅሪት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከውኃውና ከጭቃው ድኝ ሲጠጣ ኖሯል።

ድኝ ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ዲን የተባለው፥ ኬሚስቶችም ሰልፈር የሚሉት ቢጫ ነገር ነው። በድንጋይ ከሰል ውስጥ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ከብረት ጋራ ተጣምሮ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሆኖ ነው፤ ይህ ከከሰሉ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ከሰሉ ተፈጭቶ በውኃ ቢታጠብ ወደ ታች ሰጥሞ ይለያል። ሁለተኛው ግን ከከሰሉ ጋራ እንደ ሥጋና ደም የተዋሐደ ስለሆነ ውኃ አይለየውም። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በላቦራቶሪያችን ጥቂት ድኝ አቃጥለን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጋዙን አጠራቀምን። እርጥብ ቀይ ጽጌ ረዳ ብንጨምርበት አበባው ዓይናችን እያየ ነጣ። ከመካከላችን አንዱ ዕቃውን ለማሽተት ቢጠጋ ሲያስለው ዋለ። ከዚያ በሌላ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውኃ በጥብጠን ጋዙን ከዚያ ጋራ ደጋግመን ብንንጠው ሽታው እየደከመ ሄደ። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ታሪክ በሙሉ በነዚህ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ነበረ ማለት ይቻላል።

ይህ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከእርጥበት ጋራ ሲገናኝ የሰልፈር አሲድ ይሆናል። የአምቦ ልጆች ስለ አሲድ ሲነገረን ቶሎ ይገባናል፤ የአምቦ ውኃን የሚያፈላውና አፍን ቈንጠጥ የሚያደርገው ጋዝ በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ነውና። ንጹሕ የሚባለው ዝናብ እንኳ ከዚሁ ጋዝ የተነሣ በመጠኑ ጐምዛዛ ነው። የድኝ አሲድ ግን ከዚህ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። እብነ በረድ ይበላል፥ ብረት ያዝጋል፥ የሳንባን በር ያጠባል።

ልኩንም እናስላ። ከመቶ 3 እጅ ድኝ ያለበት አንድ ኩንታል ከሰል ሲነድ 3 ኪሎ ድኝ ይቃጠላል። ድኝ ከአየር የራሱን ክብደት ያህል ኦክስጅን ስለሚወስድ ጋዙ 6 ኪሎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ከሰል 400 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና፥ ማንም ካልያዘው፥ 24 ኩንታል የድኝ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል ማለት ነው። የአንዱን ኩንታል 6 ኪሎ ጋዝ ለመያዝ ደግሞ 9 ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ይበቃል። ከዚያም የሚገኘው 16 ኪሎ ያህል ጀሶ ነው፤ ያው ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ! ይህን ስሌት ሠርተን ስንጨርስ «መድኃኒቱ ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ሰዎች ለምን ያን ያህል ዘመን ታመሙ?» የሚል ጥያቄ ተነሣብን። ታሪክ መመርመር የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ አገራችን ለምን ከዚህ ነገር ርቃ እንደኖረች እንናገር። በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት እያለቀ ስለሄደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ለቀው ወደ ምዕራብ፥ ከእኛው ምዕራብ ሸዋ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ግቢም አስጀምረው ነበር። ከተማውን ከመሰደድ ያዳነው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ ማገዶው ተገኘ፥ አዲስ አበባም በቦታዋ ቀረች። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የሎንዶንም ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ችግር ላይ ደርሰው ነበር። እንጨት ሲወደድባቸው ግን ዛፍ በመትከል ፈንታ በመርከብ የሚመጣውን የድንጋይ ከሰል ማንደድ ጀመሩ። የማገዶ እጦት እኛን ወደ ባሕር ዛፍ፥ እነርሱን ወደ ከሰል መራ።

በሎንዶን የከሰል ጢስ እንዳስመረረ ከጥንት ታውቋል። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም የሌላ አገር ታሪክ ስንጽፍ እንዲሁ ነው) በከተማው ከሰል እንዳይነድ አዋጅ አስነገረ፤ ሰው ግን ቀዝቃዛ ምድጃ ይዞ አዋጅ አይሞቅምና አልሆነም። በ1661 ጆን ኢቭሊን የተባለ ጸሐፊ ስለ ሎንዶን ጢስ መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሡ ለዳግማዊ ቻርልስ አቀረበ። ሰዎች ሲያስሉ፥ ሕንፃዎች ሲጠቍሩ እያየ ጢስ የሚያወጡት ሥራዎች ከከተማው ወጥተው እንዲቀመጡ መከረ። ንጉሡ መጽሐፉን ወደዱት፤ ጢሱ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚደነቅ ነው። ሮበርት አንገስ ስሚዝ ኬሚስት ነበረ። በ1863 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ፋብሪካ አሲድ ጋዝ ሕግ ሲያወጣ የመጀመሪያው ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። እርሱ እንደ ኢቭሊን በማማረር አልተወሰነም፤ የየከተማውን ዝናብ በዕቃ እየተቀበለ መረመረ። በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ከሰል በሚነድበት ከተማ ዝናቡ አሲድ እንደሚሆን በቍጥር አሳየ፥ «የአሲድ ዝናብ» የሚለውንም ስም ተናገረ። መጽሐፉን ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ነገሩም መቶ ዓመት ያህል ተረሳ።

አሁን ወደ ባተርሲ እንሂድ፤ ጢሱን በትልቅ ፋብሪካ ማጠብ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነውና። በሎንዶን መካከል በቴምዝ ወንዝ ዳር ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ፥ ቤተ መንግሥቱና ታላላቆቹ ሕንፃዎች በአቅራቢያው ስለነበሩ ሕዝቡ ጮኸ። ስለዚህ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የባተርሲ ጢስ በወንዙ ውኃና በኖራ ታጥቦ እንዲወጣ ሆነ። በስዎንዚና በፉልሃምም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ እንዲሁ ተደረገ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ማጠቢያዎቹ ተዘጉ፤ የታጠበው ጢስ እንደ ነጭ ደመና ሆኖ ስለሚታይ ለጠላት አይሮፕላን ምልክት ይሆናል ተብሎ ነው። እንከንም ነበረበት። ድኙን የተሸከመው ውኃ ወደ ቴምዝ ተመልሶ ይፈስስ ነበርና ከአየር የወጣው እድፍ ወደ ወንዝ ገባ፤ የታጠበውም ጢስ ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ወደ ላይ መነሣት ትቶ በአቅራቢያው ይወርድ ነበር። ቢሆንም ጢስን በኖራ ማጠብ እንደሚቻል ከ90 ዓመት በፊት ተረጋግጧል። ማን ይክፈል? የሚለው ብቻ ነበር የቀረው።

በታኅሣሥ 1952 ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ሎንዶን ላይ የወደቀው ጕም ዋጋውን ሌሎች ከፈሉት። ብርድ ነበር፥ ነፋስም አልነበረም። ከቀዝቃዛው አየር በላይ የነበረው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ሆኖ ጢሱን ከከተማው ላይ ደፋው። ከጦርነቱ በኋላ ጥሩው ከሰል ለውጭ ገበያ ይሸጥ ስለነበረ ለየቤቱ የቀረው ድኝና አመድ የበዛበት ርካሽ ከሰል ነው፤ ብርዱም በጸና ቍጥር ሰው አብዝቶ አነደደ። አውቶቡስ ነጂዎች መንገዱ ስለጠፋባቸው ረዳቱ ፋኖስ ይዞ በፊት በፊት ይሄድላቸው ነበር። ለትርዒት ወደ ከተማው የመጡ የሰቡ ከብቶች እንኳ ታፍነው ሞቱ። በመጀመሪያው ቈጠራ የሞተው ሰው 4,000 ያህል ነው ተባለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ግን 12,000 ያህል ይደርሳል ብለዋል። መንግሥቱ የኋለኛውን ወር ሞት በኢንፍሉዌንዛ አመካኝቶ ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ብዙ አዘንን። ሰው በሚሞትበት ሳምንት የሟቾቹን ቍጥር የያዘ አልነበረም፤ ሞቱ የታወቀው የሬሳ ሣጥንና አበባ እያለቀ በመሄዱ ነው ይባላል።

በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ሕጉ ጥቍሩን ጢስ ከየቤቱ አስወገደ፤ የማይታየውን የድኝ ጋዝ ግን አብዛኛውን ትቶታል። ለዚያ የተመረጠው መላ የጭስ ማውጫውን ማስረዘም ነው። ጢሱ ከፍ ብሎ ይወጣል፥ ነፋስም ይወስደዋል፥ የከተማውም አየር ይጠራል። ወዴት ይወስደዋል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛ ይህን የጐረቤትን አጥር ዘሎ ቆሻሻ ከመጣል ለይተን አናየውም። በ1967 ስቫንቴ ኦዴን የተባለ የስዊድን ሊቅ የአገሩ ዝናብ ከዓመት ወደ ዓመት እየጐመዘዘ መሄዱንና ድኙ ከሌላ አገር የመጣ መሆኑን በጋዜጣ ላይ ጻፈ። የስዊድንና የኖርዌይ ሐይቆች ዓሣ አልባ መሆን የጀመሩት ከሰሉን ራሳቸው አንድደውት አልነበረም። ክርክሩ በ1972 በስቶክሆልም ለዓለም መንግሥታት ጉባኤ ቀረበ። በ1979 በጄኔቭ ስምምነት ተፈረመ፥ በ1985 በሄልሲንኪ ፈራሚዎቹ የድኝ ጢሳቸውን ከመቶ 30 እጅ ሊቀንሱ ተስማሙ። አሜሪካ በ1990 ባወጣችው ሕግ ለየኤሌክትሪክ ማመንጫው የድኝ ልክ ተመደበለት፤ ከልኩ በታች ያወጣ የተረፈውን ፈቃድ ለሌላ ይሸጣል። አየርን እንደ እህል በሚዛን መሸጥ እንግዳ ነገር ቢመስለንም ድኙ በእርግጥ ቀንሷል። በነዚህ አገሮች ሁሉ ዋናው መሣሪያ ያው የባተርሲው፥ ያው የእኛ ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በውኃ ተበጥብጦ በጢሱ ላይ ይረጫል፥ ጀሶ ሆኖም ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ አገራችን ወደ ሙገር እንመለስ። ኤሌክትሪካችን የሚመጣው ከውኃ ኀይል ስለሆነ እንደ ባተርሲ ያለ የከሰል ማመንጫ የለንም። የድንጋይ ከሰል የገባው በሲሚንቶ በር ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሙገር፥ ወንዙ ወደ ዓባይ ሲወርድ በቈረጠው ገደል ውስጥ የኖራ ድንጋይና ጀሶ ተደራርበው ይታያሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያ ሥራ ጀመረ፤ ያን ጊዜ የሚያነደው ከባድ ጥቁር ነዳጅ ነበረ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 2 ሚሊዮን ተኩል ቶን ሲሚንቶ ሊሠራ የሚችለው የዳንጎቴ ፋብሪካ በዚያው በአዳአ በርጋ ወረዳ ተመረቀ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ ስለተወደደ የአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ጓደኛችን ያያቸው መኪናዎች ትርጕማቸው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሙገርን ጢስ ከሎንዶን ጢስ ጋራ እኩል አድርገን ልንጽፍ ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን የመጀመሪያውን ጽሑፋችንን በቀይ ቀለም ሰርዘው «የሲሚንቶ እቶን ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ለምን ትፈርዳላችሁ?» ብለው ጻፉበት። ተግሣጻቸው ተገቢ ነበረ። በሲሚንቶ እቶን ውስጥ ከላይ የሚወርደው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፥ ከታች የሚወጣው ደግሞ የነደደው የከሰል ጢስ ነው። ሁለቱ በመንገድ ይገናኛሉ። የጋለው ኖራ ድኙን ይዞ ይወርድና በ1,450 ዲግሪ ያህል ግለት ክሊንከር ከሚባለው ከሲሚንቶው እናት ጋራ ተዋሕዶ ይወጣል። በመጨረሻም ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይደርቅ ጀሶ ስለሚጨመርበት፥ ድኝ በሲሚንቶ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ሌሎች በብዙ ገንዘብ የሚተክሉት ማጠቢያ በእቶኑ ውስጥ በተፈጥሮው አለ።

ይህ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። የከሰሉ ድኝ ከልክ ሲያልፍ በእቶኑ መግቢያ ላይ እንደ ቅርፊት እየተጋገረ መንገዱን ይዘጋል፥ ሥራውም ይቆማል፤ የፋብሪካው ባለቤት ራሱ ይጐዳል። ደግሞም ያ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጨው የብረትና የድኝ ድንጋይ በኖራው ድንጋይ ውስጥ ካለ፥ ኖራው ገና ሳይግል በላይኛው ክፍል ስለሚቃጠል ጋዙ አምልጦ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ይህ ነው። ያው ከሰል ጨርቅ ለማቅለም ውኃ በሚፈላበት ቦይለር ወይም በጡብ መተኰሻ ቢነድ፥ በመንገዱ ላይ የሚቀበለው ኖራ የለም። እቶኑ ያዳነን እኛ አስበንበት አይደለምና፥ ከእቶኑ ውጭ ማሰብ የኛ ፋንታ ይሆናል።

ያም ጊዜ ሩቅ አይመስልም። ቀድሞ ከሰሉ አብዛኛው ከውጭ አገር በዶላር ይመጣ ነበር። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ግን መንግሥት በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት ተነሣ። በኢሉባቦር ያዩ፥ በጅማ በኩል ደልቢና ሞዬ፥ በጎንደር ጭልጋ የድንጋይ ከሰል እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። አመዱና ድኙ ስለሚበዛ ታጥቦ እንዲቀርብ ማጠቢያ ፋብሪካዎች መተከል ጀመሩ፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን አንባቢ እንዲያስታውስልን የለመንነው እዚህ ላይ ነው። ውኃ የሚያስወግደው የሚያብለጨልጨውን ድኝ ብቻ ነው፥ ከከሰሉ ጋራ የተዋሐደው ታጥቦም አብሮ ይሄዳል። «ታጥቧል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ከታጠበ በኋላ ከመቶ ስንት እጅ ድኝ ቀረበት የሚለው ነው ጥያቄው።

ሕጉስ? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት መቈጣጠሪያ አዋጅ ቍጥር 300/1995ም አለ። ኤድዋርድም አዋጅ ነበረው። በእንግሊዝ አገር ሥራውን የለወጠው ስሚዝ እንዳደረገው የዝናቡንና የአየሩን ልክ እየያዙ በየጊዜው ለሕዝብ መንገር ነው፤ በእኛ አስተያየት ከምዕራብ ሸዋም የሚጠበቀው ይኸው ነው። ከጢሱ በታች ጤፍ የሚዘራው ገበሬና ልጆቹን ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚልከው አባት አንድ ሰው ናቸውና።

በዚህ ክረምት ክፍላችን በአምቦ፥ በጊንጪና በእንጪኒ ሦስት ንጹሕ ማሰሮዎች አስቀምጦ የዝናቡን አሲድ በወረቀት ሊለካ ተስማምቷል። መምህራችን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውናል፤ የሲሚንቶ አቧራ ራሱ ኖራ ስላለበት አሲዱን ያበርደዋልና፥ የእንጪኒው ማሰሮ ከአምቦው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ቢታይ በችኰላ እንዳንደሰት ነግረውናል። የምንለካው ሲያልቅ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተናል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከየማሰሮው ቦታና ከየቀኑ ጋራ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እናስረክባለን።